የታወቁ በሮች፤ የኢንተርኔት ፖርት ቍጥሮች አጭር ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና፥ የጦርነት ወሬና የድንበር ክርክር ነው። ነገር ግን ሰዎች ያለ ጦርና ያለ ዐዋጅ፥ በስምምነት ብቻ ያቆሙት ሥራም የራሱ ታሪክ አለው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ዕድሜው ከጦርነቱ ውጤት ይረዝማል። እኔም በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሐፍ ለመጻፍ የመረጥሁት እንዲህ ስላለው ሥራ ነው። ነገሩም በየቀኑ የምንገለገልባቸው፥ አብዛኞቻችን ግን አይተናቸው የማናውቅ ጥቂት ቍጥሮች ናቸው፤ እነርሱም 21፥ 22፥ 23፥ 25፥ 53፥ 80 እና 443 ናቸው። በኢንተርኔት ሊቃውንት ዘንድ የፖርት ቍጥሮች ይባላሉ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ፖርት ምን እንደ ሆነ መግለጥ ይገባል። ወደ አንድ ትልቅ ፖስታ ቤት የሄደ ሰው የሕንፃውን አድራሻ ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ቴምብር የሚሸጥበት መስኮት ሌላ፥ የአደራ ደብዳቤ የሚሰጥበት መስኮት ሌላ፥ ጥቅል ዕቃ የሚረከቡበት መስኮት ሌላ ነው። ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። አንዱ ኮምፒዩተር በአንድ አድራሻ ተቀምጦ ኢሜይል ይቀበላል፥ የድረ ገጽ ጽሑፍ ያድላል፥ ከሩቅ ሆነው ለሚያዝዙትም ሰዎች ይታዘዛል። ስለዚህ በመረቡ ላይ የሚላከው እያንዳንዱ የመልእክት ጥቅል በራስጌው ላይ ከአድራሻው ሌላ የመስኮቱን ቍጥር ይዞ ይሄዳል። ፖርት ማለት ይህ መስኮት ወይም ይህ በር ነው፤ የብረት ወይም የእንጨት በር ሳይሆን በቍጥር ብቻ የሚታወቅ በር ነው። ቍጥሩ የሚጻፈው በ16 ቢት ስለ ሆነ ከ0 እስከ 65535 ድረስ፥ በጠቅላላው 65,536 ቍጥሮች ይኖራሉ።

አገልግሎት ሰጪው ኮምፒዩተር በታወቀ ቍጥር ላይ ሆኖ እንግዳውን ይጠባበቃል። ጠሪው ደግሞ መልሱ የሚመጣለትን አንድ ጊዜያዊ ቍጥር ለራሱ ይይዛል። የሁለቱ አድራሻዎችና የሁለቱ ቍጥሮች፥ አራቱ በአንድነት ሆነው፥ አንዱን ንግግር ከሌላው ይለያሉ፤ ባንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ከፍተን የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር የማይደባለቀው በዚህ ምክንያት ነው። የድረ ገጽ አድራሻ ስንጽፍ የበሩን ቍጥር አንጽፍም፤ ቍጥሩ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ የምናነብበት ፕሮግራም ራሱ ይሞላዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ቍጥሩን ማን መደበው? የዓለም ሕዝብስ ያለ አስገዳጅ እንዴት ተቀበለው?

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ገንዘብ አርፓኔት የተባለ የኮምፒዩተር መረብ ተዘረጋ። በኦክቶበር 29 ቀን በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሊላክ የታሰበው ሎግኢን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፥ ሁለት ፊደል ብቻ እንደ ደረሰ ሥራው ተቋረጠ። በዓመቱ መጨረሻ ግን የሳንታ ባርባራና የዩታ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨምረው መረቡ አራት ጣቢያዎች ነበሩት።

የሚያስደንቀው ነገር፥ ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ደንብ የማውጣት ሥራ በአብዛኛው በተማሪዎች ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። ከእነርሱ መካከል ስቲቭ ክሮከር፥ ቪንተን ሰርፍና ጆን ፖስተል ይገኛሉ። ሦስቱም በሎስ አንጀለስ ከተማ በቫን ናይስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ክሮከር በአፕሪል 1969 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የደንብ ጽሑፍ ሲያወጣ ስሙን «አስተያየት መጠየቂያ» አለው፤ በእንግሊዝኛው አጠራር አር.ኤፍ.ሲ. ይባላል። ወጣቶቹ ትእዛዝ ለመስጠት ሥልጣን እንዳልነበራቸው ያውቁ ስለ ነበር ጽሑፋቸውን በትሕትና ስም ጠሩት። ይህ ትሕትና ግን ሥራውን አላደከመውም፤ ዛሬም የኢንተርኔት ደንብ ሁሉ የሚወጣው በዚሁ ስም ነው።

መረቡ እየሰፋ ሲሄድ አንድ ችግር ታየ። በዚያን ጊዜ ፖርት ሶኬት ይባል ነበር። እያንዳንዱ ጣቢያ አገልግሎቱን በፈለገው ቍጥር ላይ ቢያስቀምጥ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ በየቤቱ በሩን እየፈለገ ይንከራተታል። ስለዚህ በማርች 1972 ዓ.ም. ሰርፍና ፖስተል በየጣቢያው የሚሠራባቸው ቍጥሮች እንዲነገሯቸው በአር.ኤፍ.ሲ. 322 ጠየቁ። በሜይ ወር ደግሞ ፖስተል ብቻውን አር.ኤፍ.ሲ. 349ን ጻፈ። ዕድሜው 28 ዓመት ሲሆን ገና የዶክተርነት ማዕርጉን አልተቀበለም ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ቍጥር የሚያድል አንድ ባለ ሥልጣን እንዲኖር አሳብ አቀረበ፤ ለዚህም የሩሲያን ነገሥታት የማዕርግ ስም ተውሶ፥ ያ ሰው ምናልባት እርሱ ራሱ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ በቀልድ መልክ ጠየቀ። ከ0 እስከ 63 ያሉት ለሁሉ የሚሆኑ አገልግሎቶች፥ ከ64 እስከ 127 ያሉት ለየጣቢያው ልዩ ሥራ፥ ከ128 እስከ 239 ያሉት ለወደፊት፥ ከ240 እስከ 255 ያሉት ለሙከራ እንዲሆኑ ደለደለ። ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር ለመነጋገር የሚያገለግለው ቴልኔት 1 ቍጥርን፥ ጽሑፍ ማስተላለፊያው 3 ቍጥርን ይይዙ ዘንድ አመለከተ። በኋላ ግን ጽሑፍ ማስተላለፊያው ኤፍ.ቲ.ፒ. ወደ 21፥ ቴልኔት ወደ 23 ተዛወሩ።

አንባቢው ልብ ቢል የጥንቶቹ ቍጥሮች ብዙዎቹ ጎዶሎ ናቸው። ምክንያቱም በመጀመሪያው ደንብ አንዱ መስመር ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄድ ስለ ነበር፥ ለአንድ ንግግር አንድ ሙሉና አንድ ጎዶሎ ቍጥር ያስፈልግ ነበር። ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን በ1974 ዓ.ም. ያቀረቡት፥ በሴፕቴምበር 1981 ዓ.ም. በአር.ኤፍ.ሲ. 793 የጸናው ቲ.ሲ.ፒ. የተባለው ደንብ ግን ባንድ መስመር መስማትንም መናገርንም ፈቀደ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ዓ.ም. አርፓኔት አሮጌውን ደንብ ትቶ ወደ አዲሱ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ለአንድ አገልግሎት አንድ ቍጥር በቃው፤ በጎዶሎዎቹ መካከል ያሉት ሙሉ ቍጥሮችም ብዙዎቹ ባዶ ሆነው ቀሩ። ይህ ባዶ ቦታ ወደ ፊት ለምን እንደ ጠቀመ በኋላ እናያለን።

ፖስተል በ1977 ዓ.ም. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የመረጃ ሳይንስ ተቋም ሄዶ፥ በዚያም ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር የቍጥሮቹን መዝገብ ይጠብቅ ጀመር። አዲስ ደንብ የፈጠረ ሁሉ ለእነርሱ ይጽፋል፤ እነርሱም ያልተያዘ ቍጥር ሰጥተው ይመዘግባሉ። ፖስተል ራሱ በኦገስት 1982 ዓ.ም. ያወጣው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ 25ን ያዘ። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ዓ.ም. የነደፈው የአድራሻ ስሞች ማውጫ 53ን አገኘ። ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል የድረ ገጽን ጥበብ ሲፈጥር፥ በ1991 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ሌላ ቍጥር ካልተጻፈ 80 እንዲሆን ወሰነ፤ ይህም በጁላይ 1992 ዓ.ም. በወጣው መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

ይህን መዝገብ የሚያስከብር ፖሊስ እንደሌለ ማስታወስ ይገባል። ማንም ሰው የራሱን ድረ ገጽ በ80 ፈንታ በ8080 ወይም በሌላ ቍጥር ላይ ቢያስቀምጥ አይቀጣም። ሰው ቍጥሩን የሚያከብረው ለራሱ ስለሚጠቅመው ነው። የሚጠቅመውም መዝገቡን የያዙት ሰዎች ቍጥሩን ስላልሸጡት፥ ለዘመድ ስላላደሉት፥ ሁለት ጊዜም ለሁለት ሰው ስላልሰጡት ነው። በእኛ ቋንቋ ይህን ነገር በአንድ ቃል ብንጠራው አደራ ነው።

ይሁን እንጂ የታወቀ በር የሚታወቀው ለወዳጅ ብቻ አይደለም። የቀድሞዎቹ የመረብ ሰዎች ጥቂቶች ስለ ነበሩና ብዙዎቹም ስለሚተዋወቁ፥ በሮቻቸውን ያበጁት እንደ ጐረቤታሞች ቤት ነው። ቴልኔትና ኤፍ.ቲ.ፒ. የይለፍ ቃልን በግልጥ ፊደል ያስተላልፋሉ፤ በመንገዱ መካከል ያደመጠ ሁሉ ያነበዋል። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ዓ.ም. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም ለቀቀ። ይህ «ትል» የገባው ከሌሎች መንገዶች ጋር በሁለት የታወቁ በሮች በኩል ነበር፤ አንዱ የኢሜይሉ 25፥ ሁለተኛው ስለ ሰዎች ወሬ የሚጠየቅበት 79 ነው። የተመቱት ኮምፒዩተሮች በግምት 6,000 ያህል እንደ ነበሩ ተነግሯል። በዚያን ዘመን ይህ ከመላው ኢንተርኔት አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣውን መልካም መልስ ከፊንላንድ እናገኘዋለን። በ1995 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የሰዎችን የይለፍ ቃል እያደመጠ የሚሰበስብ ፕሮግራም ተተክሎ ተገኘ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ስሞችና የይለፍ ቃሎችም ተሰርቀው ነበር። በዚያ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን በዚህ ተነሣሥቶ፥ ንግግሩን ሁሉ በምስጢር ፊደል ለውጦ የሚያስተላልፍ ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። አሳቡ ቴልኔትንና ኤፍ.ቲ.ፒ.ን ለመተካት ስለ ነበር መዝገቡን ቢመለከት፥ በ21 እና በ23 መካከል ያለው 22 ባዶ ሆኖ አገኘው። ጁላይ 10 ቀን 1995 ዓ.ም. ለመዝገቡ ጠባቂዎች በኢሜይል ጻፈላቸው። በማግሥቱ ከጆይስ ሬይኖልድስ 22 ቍጥር እንደ ተሰጠው የሚገልጽ መልስ መጣለት። ስለ በር ቍጥር ደጅ መጥናት አላስፈለገውም፤ ገንዘብም አልተጠየቀም። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ያልተቈለፉ በሮች በመካከላቸው አንድ የተቈለፈ በር አገኙ። በዓመቱ መጨረሻ በ50 አገሮች 20,000 ያህል ሰዎች ይሠሩበት ነበር፤ ዛሬም የሰርቨር ኀላፊዎች ከሩቅ ሆነው ሥራቸውን የሚያከናውኑት ባብዛኛው በዚሁ በር ነው።

በድረ ገጹም በኩል ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በ1994 ዓ.ም. ንግግሩ በምስጢር የሚጠበቅበትን የድረ ገጽ መንገድ ሲያወጣ 443 ቍጥር ተመዘገበለት። ዛሬ ገንዘብ ስንልክ ወይም የፈተና ውጤት በድረ ገጽ ስንመለከት የምንሄደው ብዙውን ጊዜ በ443 ነው እንጂ በ80 አይደለም። በ1970ዎቹ የተወለደው ኤፍ.ቲ.ፒ. በበኩሉ እየተተወ ሄዶ፥ ክሮምና ፋየርፎክስ የተባሉት የድረ ገጽ ማንበቢያዎች በ2021 ዓ.ም. ከነጭራሹ አስወጥተውታል።

ነገር ግን አሮጌ በር ቢተውም አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ትል ተነሣ። ይህ ትል በረቀቀ ዘዴ አልገባም። በመላው ዓለም የተበተኑ የጥበቃ ካሜራዎችንና የኢንተርኔት ማከፋፈያ ዕቃዎችን እየዞረ፥ በተለይ 23 ቍጥርን እያንኳኳ፥ ፋብሪካው ያወጣላቸውን ከ60 የሚበልጡ የስምና የይለፍ ቃል ጥምሮች ይሞክር ነበር። ባለቤቶቹ የይለፍ ቃሉን ስላልለወጡ፥ ብዙዎቹም በሩ መኖሩን እንኳ ስላላወቁ፥ ዕቃዎቹ በብዙ ሺህ ተማረኩ። ሠሪዎቹ ሦስት ወጣት አሜሪካውያን ሲሆኑ በዲሴምበር 2017 ዓ.ም. ጥፋተኝነታቸውን በፍርድ ቤት አምነዋል። ፕሮግራሙ በሴፕቴምበር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕዝብ ተለቅቆ ስለ ነበር ሌሎችም ወስደውታል። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚህ ትል የተማረኩ ዕቃዎች ዳይን የተባለውን የአድራሻ ስሞች አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ በአንድነት ወርረውት፥ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ድረ ገጾች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት የማይደረስባቸው ሆኑ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ለበጎ ነገር ብቻ እንዳልተነገረ ከዚህ እንማራለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውም እንደዚሁ፤ አንድ የይለፍ ቃል መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበርና።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ አይተው፥ «ጥፋቱ የቍጥሮቹ መታወቅ ነው፤ እያንዳንዱ በሩን በስውር ቍጥር ላይ ቢያደርግ ኖሮ ሌባ ባላገኘው ነበር» ይላሉ። ይህ አሳብ ለጊዜው የሚመስል ቢሆንም ሩቅ አያስኬድም። በ2013 ዓ.ም. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ ፕሮግራም አውጥተው፥ በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ በአራተኛው የአድራሻ ደንብ ሥር ያለውን መላውን ኢንተርኔት፥ በአንድ የበር ቍጥር፥ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። በሩን መሰወር የሰነፉን ሌባ ጥቂት ያዘገየው ይሆናል እንጂ ትጉሁን አይመልሰውም። ይልቁንም ስውር ቍጥር እንግዳውን ያደናግራል። መፍትሔው ሌላ ነው፤ የማያስፈልገውን በር መዝጋት፥ ፋየርዎል የሚባለውን የበር ጠባቂ ማቆም፥ የሚያስፈልገውንም በር በጽኑ ቍልፍ መጠበቅ ነው። የበሩ መታወቅና የበሩ መከፈት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስምምነት የሚነግረን በሩ የት እንዳለ ነው፤ መቈለፉ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።

ጆን ፖስተል ኦክቶበር 16 ቀን 1998 ዓ.ም. በ55 ዓመቱ ዐረፈ። የትምህርት ቤትና የሥራ ባልንጀራው ቪንተን ሰርፍ ስለ እርሱ የጻፈው የሐዘን ቃል አር.ኤፍ.ሲ. 2468 ሆኖ በደንቦቹ መካከል ተቀመጠ። በዚሁ ዓመት አይካን የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ስለ ነበር የመዝገቡ ጥበቃ ወደ እርሱ ተላለፈ። ፖስተልና ሬይኖልድስ በኦክቶበር 1994 ዓ.ም. ያወጡት የመጨረሻው የታተመ ዝርዝር 230 ገጽ ነበረው፤ በጃንዋሪ 2002 ዓ.ም. በመረቡ ላይ የሚገኘው መዝገብ እንደ ተካው በይፋ ተነገረ። በኦገስት 2011 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ቍጥሮቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ከ0 እስከ 1023 ያሉት ለታላላቆቹ አገልግሎቶች፥ ከ1024 እስከ 49151 ያሉት አመልክተው ለሚያስመዘግቡ፥ ከ49152 እስከ 65535 ያሉት ለማንም ሳይሰጡ ለጊዜያዊ ሥራ የሚቀሩ ናቸው። በኦክቶበር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በመዝገቡ ጠባቂ ላይ የነበረው የውል ቍጥጥር አበቃ። ስለዚህ አንድ ተማሪ በ1972 ዓ.ም. በጥቂት ገጽ የጀመረው መዝገብ ጀማሪውንም፥ የጀመረበትን መረብም፥ የገንዘብ ሰጪውን መንግሥት ቍጥጥርም አልፎ ቆሞአል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተሰናብተን የምንወጣው ወደ ልዩ ልዩ ሥራ ነው። አንዳንዶቻችን የሰርቨር ኀላፊዎች፥ ሌሎቻችን የባንክ ጸሐፊዎች፥ የክሊኒክ ሠራተኞች ወይም አስተማሪዎች እንሆን ይሆናል። በየሥራ ቤታችን ካሜራ ይተከላል፥ የኢንተርኔት ማከፋፈያ ዕቃ ይገባል፤ ከፋብሪካው ሲወጣ በሩ ክፍት ሊሆን፥ የይለፍ ቃሉም በመላው ዓለም የታወቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ማየትና መለወጥ ከፍ ያለ ዲፕሎማ አይጠይቅም። ለአንዳንዶቻችን ደግሞ መዝገብ የመጠበቅ ዕድል ይደርሰን ይሆናል፤ የመሬት መዝገብ፥ የበሽተኞች መዝገብ ወይም የተማሪዎች ውጤት መዝገብ። በዚያን ጊዜ ከሩቅ አገር የጻፈላቸውን የማያውቁትን ሰው በማግሥቱ፥ ያለ ደጅ ጥናትና ያለ ገንዘብ የሚገባውን ቍጥር ሰጥተው የመለሱትን ሰዎች ብናስብ መልካም ነው። በዓለም ላይ ያሉ ሰርቨሮች ዛሬም በ22 ቍጥር ላይ ቆመው የሚጠባበቁት በዚያ የአንድ ቀን መልስ ነው።